በደዶ ያስቀረሁት ዕርቅ

ጡረታ ስወጣ ከሞላኋቸው ቅጾች በአንዱ ላይ «የሥራ መደብ» የሚል ጠባብ መስመር ነበረ። ጸሐፊዋ «ጋሼ፣ አስተማሪ ልበል ወይስ አስተርጓሚ?» አለችኝ። ሁለቱንም ጻፊው ብላት ቦታው አይበቃም አለች። ትንሽ አሰበችና «ልዩ ልዩ ሥራ» ብላ ሞላችው፤ እኔም ፈረምኩ። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ሠላሳ አንድ ፈሪ ዓመት የለፋሁበት ሥራ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ።

ልጅቷ አልተሳሳተችም። ጅማ ያለችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀጠረችኝ ለጥምቀት የሚዘጋጁ ሰዎችን እንዳስተምር ነው። እሑድ እሑድ ግን ከካህኑ ጎን ቆሜ ስብከቱን ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ የሚለውን ለካህኑ ወደ አማርኛ አዞራለሁ። አለቃዬ አባ ማርቆስ የውጭ ሰው ናቸው። አማርኛን ደብተር ይዘው የተማሩት ቋንቋ ነው፤ ኦሮምኛቸው ግን ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋታቸው ሰዓት ማክበራቸው ብቻ ነው።

እኔ ጅማ ውስጥ የቦሳ አዲስ ሠፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ መጥቶ ጅማ የቀረ፣ ማኅበርና ጽዋ የማይቀርበት ኦርቶዶክስ ነበር። ኦሮምኛን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከሠፈሩ የእስላም ልጆች ጋር ኳስ ስንራገጥ አብሮኝ አደገ። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ በሃያ ዓመቴ ካቶሊክ ስሆን አባቴ ስድስት ወር አላናገረኝም። በሰባተኛው ወር ጥርሱን አመመውና «ያ ካቶሊክ የት ሄደ? ሐኪም ቤት ያድርሰኝ» አለ። በዚያው ታረቅን።

መንግሥት ሲለወጥ የእኛም ሥራ ተለወጠ። ቀድሞ የኦሮምኛውን ጸሎትና መዝሙር የምንጽፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ትምህርት ቤቱም ቢሮውም በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል፣ መጻፍ ሲጀምር የእኛ ወረቀት ለወጣቶቹ የማይነበብ ሆነ። ፊደሉን ስንለውጥ ትርጉሙንም አብረን እንድናይ ታዘዝን። እኔን ከጋሽ ቶማስ ጋር ያጣመደኝ ይህ ሥራ ነው።

ጋሽ ቶማስ ከከፋ የመጡ፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በበቅሎ እየዞሩ ያስተማሩ አዛውንት ነበሩ። ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ በገቡበት ቤት ውኃ ለምነው ሳይጠጡ ስለ እግዚአብሔር አንዲት ቃል አይተነፍሱም። «ውኃቸውን ሳትጠጣ ያንተን አታጠጣቸው» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው፣ አንድ አዲስ ቃል ስንመርጥ ሳያስፈትኑት ወረቀት ላይ አያሰፍሩትም። አንዲት አሮጊት፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ደግሞ እኛን የማይወድ ሰው ይፈልጋሉ። የማይወደን ለምን አስፈለገ ብላቸው፣ የሚወደን ሰው ምንም ብንል ስለሚገባው ለፈተና አይሆንም አሉኝ። ሰውየውን ቃሉ ልክ ነው ወይ ብለው አይጠይቁትም። ቃሉን ያሰሙትና «ምን ታየህ?» ነው የሚሉት። ለአንድ ቃል ሦስት ቀን መጥፋቱ እኔን ያንገበግበኝ ነበር።

በማርያም ጸሎት ውስጥ «ጸጋ የሞላብሽ» የሚል አለ። ለ«ጸጋ» እኔ «አያና» የሚለውን ቃል አመጣሁ። አያና በኦሮምኛ በጎ ዕድልም፣ በዓልም፣ ከላይ የሚወርድ ስጦታም ነው፤ ቃሉን ያገኘሁት እኔ በመሆኔ ደግሞ ልቤ አብጧል። ይህንንስ ማንም ያውቀዋል፣ ፈተና አያስፈልገውም ብዬ ተከራከርኩ። ጋሽ ቶማስ በማግስቱ አውቶቡስ አሳፍረው ሰኮሩ ወሰዱኝና መንገድ ዳር ሙዝ ከሚሸጡ አንዲት የእስላም አሮጊት ፊት አቆሙኝ። አያና የሞላባት ሴት ብዬ ጀመርኩ። አሮጊቷ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪን። ሲነሳባት ምንድን ነው የሚጠይቃት? ዶሮ ነው በግ?» አሉኝ። ለካ በዚያ አገር አያና የሞላባት ማለት ዛር የሰፈረባት ማለትም ነው። የምላት ሴት ማርያም፣ የነቢዩ ዒሳ እናት መሆኗን ስነግራቸው ተቆጡ። «አስተግፊሩላህ። እሷን ደግሞ ማነው እንዲህ ያላት?» ብለው ለእመቤታችን ጥብቅና ቆሙላት።

ጋሽ ቶማስ አውቶቡስ እስክንገባ ድረስ ፈገግ አላሉም። ከገባን በኋላ ግን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በመጨረሻ «የእግዚአብሔር አያና» ብለን ጻፍነው፤ ለሴትዮዋ ተመልሰን ስናሰማቸው «እሱስ ይሁን» አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ እንጂ አልተማርኩም። ብማር ኖሮ የደዶው ነገር አይመጣም ነበር።

ደዶ የተመደብኩት በዚያው ሰሞን፣ ያለ ጋሽ ቶማስ፣ ብቻዬን ነው። ከከተማው ወጣ ባለ አንድ መንደር ሃያ ያህል የካቶሊክ ቤተሰብ በሙስሊም ጎረቤቶች መካከል ይኖራል። ከእነሱ አንዱ ዮሴፍ የሚባል ገበሬ ነው። ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ጸሎት ቤቱን የሚጠርግ፣ ከአንገቱ ቀና ብሎ የማይናገር ሰው ነበር። ከአጥሩ ማዶ ናስር የሚባል እኩያው ከእናቱ ከእማማ ሀሊማ ጋር ይኖራል። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ቡና በደቦ እየለቀመ፣ አንዱ የሌላውን ከብት እየጠበቀ ያደጉ ናቸው።

አንድ ቀን ቡናው ላይ ያዘነበለ ያረጀ ዛፍ ሊጥሉ ወጡ። መጥረቢያው በዮሴፍ እጅ ነበር። ዛፉ ወዳሰቡት አቅጣጫ ሳይሆን ዞሮ ወደቀና ናስርን ገደለው። ፖሊስ ዮሴፍን አስሮ መረመረ፤ አደጋ መሆኑን ራሳቸው የናስር ወንድሞች መስክረው ተለቀቀ። ዮሴፍ እንደተፈታ ጅማ ወርዶ አባ ማርቆስ ዘንድ ንስሐ ገባ።

አርባው ካለፈ በኋላ የአገር ሽማግሌዎች ወደ ዮሴፍ መጡ። አለቃቸው አባ ዱራ የሚባሉ ነጭ ጢም ያላቸው ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ አገር ደም በስሕተትም ቢፈስ ጉማ ይወጣል። ጉማ ማለት ደም የሚደርቅበት ዕርቅ ነው፤ ካሣ ይቆረጣል፣ በግ ይታረዳል፣ የሟችና የገዳይ ወገን ደሙን በእጃቸው ይነካሉ፣ በመጨረሻም አብረው ከአንድ ዕቃ ይበላሉ። ዮሴፍ «መምህሬን ልጠይቅ» ብሎ ሽማግሌዎቹን ደጅ አቁሞ ወደ እኔ መጣ።

«መምህር፣ ምን ልበላቸው?» አለኝ።

ጋሽ ቶማስ ያን ጊዜ አጋሮ ነበሩ። አንድ ቀን ስጠኝ ብዬ ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። ግን የጠየቀኝ እኔን ነው፣ መምህሩን፤ ያ ጣፍጦኛል። ደሙም በጉም ተደማምረው ባዕድ አምልኮ መሰሉኝ። «አንተ በክርስቶስ ደም ታጥበሃል። የበግ ደም ምን ይጨምርልሃል?» አልኩት። ዮሴፍ «እንግዲያው ይቅር» ብሎ ወጣ። ሽማግሌዎቹም ተመለሱ። በሚቀጥለው እሑድ ይህንኑ ለሕዝቡ በሰፊው አስተማርኩ። ሕዝቡ ዝም ብሎ ሲሰማኝ ገብቶታል ብዬ ደስ አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

ጉማ ካልወጣ ምን እንደሚሆን አልጠየቅሁም ነበር። ደሙ እስካልደረቀ ሁለቱ ወገኖች አንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም፣ መንገድ ላይ ቢተያዩ አንዱ ወደ ጫካ ገብቶ ያሳልፋል። ጥላቻ አይደለም። ለሟቹ የሚሰጥ ክብር ነው፣ ፍርሃትም አለበት። የናስር ዘመድ ደግሞ የመንደሩ እኩሌታ ነው። የዮሴፍ ሚስት ደጃፏ ላይ ያለውን ምንጭ ትታ ገደል ወርዳ ከታች ካለው ወንዝ መቅዳት ጀመረች። አራተኛ ልጇን ስትወልድ ከአጥሩ ማዶ ያሉት እማማ ሀሊማ፣ የቀሩትን ሦስቱን ያዋለዱት እሳቸው፣ ምጧን እየሰሙ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ አሉ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ የሚነግረኝ አልነበረም፤ እኔም ውኃ ለምኜ የምጠጣ ሰው አልነበርኩም።

በሦስተኛው ዓመት የዮሴፍ እናት ሞቱ። በደዶ ሰው ሲሞት ሃይማኖት ሳይለይ መንደሩ ነቅሎ ይወጣል፤ አስከሬኑ ከትከሻ ትከሻ እየተቀባበለ ነው የሚሄደው። ያን ቀን የመጣነው እኛው ካቶሊኮቹና የናስር ዘመድ ያልሆኑ ጥቂት ጎረቤቶች ብቻ ነን። ዳገቱን ስምንት ሰዎች ያለ ቅያሪ ተሸክመን ወጣን። መቃብሩ ጋ ደርሰን ጸሎት ስጀምር ከወንዙ ማዶ ካለው ኮረብታ ልቅሶ ተሰማ። ቀና ብል የናስር ወገን ሁሉ፣ ወንዶቹ ከፊት ሴቶቹ ከኋላ፣ ቆመው ያለቅሳሉ። መሻገር ስለማይችሉ ከዚያው ሆነው ነው የቀበሯቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ላነብ ሞከርኩ፤ ልቅሷቸው ዋጠኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

ዮሴፍ ከወር በኋላ ቤቱን ዘግቶ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ጅማ ገባና በአንድ የቡና መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ቡናው ቀልቶ ረገፈ። ከጎረቤቶቹ አንዲት ፍሬ የነካ ግን አልነበረም።

ጋሽ ቶማስ ወሬውን ሰምተው ደዶ መጡ። ያኔ በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። እንደ ልማዳቸው ውኃ ጠይቀው ጠጡና ሁሉንም ከመጀመሪያው እንድነግራቸው አደረጉ። 

«እግዚአብሔር በንስሐ ይቅር አለው፤ እሺ» አሉኝ። «የእማማ ሀሊማን ይቅርታ ማን ያመጣለታል? አንተ ራስህ ከቅዳሴ በፊት ሂድና ከወንድምህ ታረቅ እያልክ ስንቱን ሰው ከበር መልሰሃል?»

ሄደው ሽማግሌዎቹን እንዲያናግሩልኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ያስቀረው አንተ ነህ፣ የሚሄደውም አንተ ነህ አሉኝ። በአምስተኛው ወር አረፉ፤ የዕርቁን ቀን አላዩትም።

እኔ ያደግሁት በአባቴ ወግ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ድንጋይ ይሸከማል። ስለዚህ ደህና ድንጋይ መርጬ ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ እየላበኝ የአባ ዱራን ደጅ ረገጥኩ። የቤቱ ሰዎች ደነገጡ፤ አንዱ ልጃቸው ግንብ ሊሠራ የመጣ ሰው ነው ብሎ ጠርጥሮ ነበር አሉ። አባ ዱራ ወጥተው አዩኝ፤ ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ ሳቃቸውን እየያዙ መሆኑ ገባኝ።

«አረ አውርደው መምህር፣ ወገብህን ትሰብራለህ» አሉኝ። «እዚህ አገር የሚያዘው ለምለም ሣር ነው።»

ሣሩን ነጭቼ ይዤ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን አስገቡኝ፤ ውኃም ለምኜ ጠጣሁ። አባ ዱራ እማማ ሀሊማን እንዴት አድርገው እንዳናገሯቸው አላውቅም፤ ብቻ እሺ ብለዋል ተባለ። የካሣውም መጠን ተቆርጦ አለቀ። ያላለቀው የመብሉ ነገር ነው። የናስር ወገን ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አይበላም፤ ዮሴፍ ደግሞ፣ በአገራችን ልማድ፣ እስላም ያረደውን አይቀምስም። ጉማ ያለ መብላት አያልቅም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ስብሰባ በዚህ ላይ አዋሉ። በመጨረሻ በጉን የናስር ወገን ያርደዋል፣ ሥጋውም ለችግረኞች ይሰጣል፤ አብሮ የሚበላው ግን ገንፎ በቅቤ ይሁን ተባለ። ገንፎ እስላምም ክርስቲያንም አይደለም አሉ አባ ዱራ።

ቀን ሲቆረጥ ዐቢይ ጾም መሐል ላይ ዋለ። ከፋሲካ በኋላ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅሁ። እማማ ሀሊማ በጠና ታመዋል፤ እስከዚያ መቆየታቸውን ማን ያውቃል ሲሉኝ አፌን ያዝኩ። ለአባ ማርቆስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ደሙ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመንፈስ ስም ይጠራል ወይ? የሚጠራው የእግዚአብሔር ስም ነው አልኳቸው። እንግዲያው ምን ይከለክላል፣ እኔም እመጣለሁ አሉ። ቅቤውስ በጾም እንዴት ይሆናል ስላቸው ግራ ተጋብተው አዩኝ።

«በእኛ ቤተ ክርስቲያን በጾም ቅቤ የሚከለክል ሕግ የለም» አሉኝ። «አንተ የምትጾመው የእናትህን ጾም ነው። መልካም ጾም ነው፤ ግን የእናትህ ነው።»

ያን ቀን ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ካቶሊክ ከሆንኩ ጀምሮ በጾም ቅቤ ቀምሼ አላውቅም፤ ሃይማኖቴ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። የእናቴን ወግ ይዤ ወደ ቅዳሴ ስገባ ማንም አልከለከለኝም። የዮሴፍን የእናት ወግ ግን እኔ ከበር መልሼዋለሁ። ይህ ሲገባኝ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ዘግይቷል፣ አመመኝም።

ዛፉ በወደቀ በአራተኛው ዓመት፣ ሁለቱ እርሻዎች የሚዋሰኑበት ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። ዮሴፍ ቤተሰቡን ይዞ ከጅማ በጭነት መኪና መጣ። ሽማግሌዎቹ ለምለም ሣር ይዘው በሁለት ረድፍ ተቀመጡ። በጉ «ቢስሚላህ» ተብሎ ታረደ፤ ዮሴፍና የናስር ታላቅ ወንድም ደሙን ነኩ፤ አባ ዱራ በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት አደረጉና ደሙ ደርቋል አሉ። ሁለቱ ሰዎች እጃቸውን በአንድ ቅል ውኃ ታጠቡ። ባዕድ አምልኮ ፈልጌ ያየሁት ሰው ሲታረቅ ነው።

ከዚያ ገንፎው በእንጨት ገበታ መጣ፤ መሐሉ ላይ ቅቤው ተኝቷል። እማማ ሀሊማን ሁለት ሴት ልጆቻቸው ደግፈው አመጧቸው። ሰውነታቸው አልቆ ዐይናቸው ብቻ ቀርቷል። ከገበታው ቆርሰው በቅቤው አጥቅሰው መጀመሪያ ዮሴፍን አጎረሱት። ዮሴፍ እያለቀሰ ዋጠ፤ ሚስቱም ጎረሰች። ከአራተኛዋ ልጅ ጋር ሲደርሱ ፊቷን አገላብጠው አዩዋትና ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ ቀና ብለው መምህሩ የት አለ አሉ።

ተነሥቼ ሄጄ ከፊታቸው ተንበረከክሁ። አባ ማርቆስም ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከጎኔ ቆሙ። እማማ ሀሊማ ድምፃቸውን ሳያነሡ በኦሮምኛ ተናገሩኝ።

«ልጄን የወሰደብኝ ዛፍ ነው፤ ዛፍ ምን ያውቃል? አራት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴን የወሰድክብኝ ግን አንተ ነህ።»

አባ ማርቆስ እንደ ማንኛውም እሑድ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ምን አሉ?» አሉኝ።

መርቀውናል ብላቸው ያልፍ ነበር። በሥራ ዘመኔ ስንት ስድብ አለዝቤ፣ ስንት እርግማን ምርቃት አስመስዬ አሳልፌያለሁ፤ ሰው ለማስማማት እያልኩ። ያን ቀን ግን ከእማማ ሀሊማ አፍ እንደወጣ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር መለስኩት። አባ ማርቆስ ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔን ነው ያሉት?» አሉኝ።

«አይደለም አባ» አልኩ። «እኔን ነው።»

እማማ ሀሊማ አማርኛው እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ገበታው ሰደው ከገንፎው ቆረሱ፣ ቅቤው መሐል አጠቀሱና ወደ አፌ አስጠጉ።

«ኛዱ» አሉኝ፤ ብላ ማለታቸው ነው።

በላሁ።